አሥራ አራተኛው ጥራዝ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ከረፋዱ ጀምሮ ሲያካፋ የዋለው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው።

ከትምህርት ቤት ስገባ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ለቅሶዋ ድምፅ አልነበረውም። እንባው በጉንጯ ወርዶ አገጯ ጋ ሲደርስ በእጇ ጀርባ ትጠርገዋለች፤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ። በዘጠኝ ዓመት ዕድሜዬ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ከደረጃ ወድቄ ክንዴ የተሰበረ ዕለት እንኳን ከንፈሯን ነክሳ፣ ክንዴን በሁለት ካርቶን መሐል አስራ ወደ ሐኪም ወሰደችኝ እንጂ አላለቀሰችም።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። አንዲት ልጅ ታማ ነው።»

«የት ያለች ልጅ?»

ጭኗ ላይ ያለውን ወረቀት በጣቷ ነካ አደረገች። «እዚህ» አለች።

በዚያ ዕድሜዬ ሆድ ውስጥ ከሚሰሙ ስሜቶች በስሙ የማውቀው ረሃብን ብቻ ነበር። ስለዚህ የራበኝ መሰለኝ። ሄጄ ዳቦ ቆረስሁ። በላሁ። አልለቀቀኝም።

አባቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ በአንደኛው እንሠራለን፣ በሁለተኛው እንተኛለን፤ የሙጫው ሽታ ግን ድንበር አያውቅም። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ያረጁ መጻሕፍቱን ወደ እኛ ይልካል። አባቴ አሮጌውን ሽፋን ይገፍፋል፤ የበሰበሰውን ክር በምላጭ ይበጥሳል፤ መጽሐፉ ወደ ጥራዞቹ ይፈርሳል። ጥራዝ የምንለው ተጣጥፎ አንድ ላይ የሚሰፋውን አሥራ ስድስት ገጽ ነው፤ በእያንዳንዱ ግርጌ ላይ ተራ ቁጥሩ በደቃቅ ፊደል ታትሟል። እናቴ የተቀደደውን እጥፍ በስስ ወረቀት ትጠግናለች፤ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ ክሩን በሰም ታሻለች፤ ትሰፋለች። ሳትሰፋ በፊት አውራ ጣቷን በጥራዞቹ ጀርባ ላይ እያንሸራተተች ትቆጥራለች፤ ከሰፋች በኋላ ደግማ ትቆጥራለች። ከዚያ አባቴ ይቆጥርና ሙጫ ይቀባል። ሙጫ በእኛ ቤት የመጨረሻ ቃል ነበር። የአባቴ ሕግም አንድ ብቻ ነበር፤ ጎዶሎ መጽሐፍ ከዚህ ቤት አይወጣም።

እጥፉ እስኪደርቅ እናቴ እጇን አጣምራ አትቀመጥም። እጇ ላይ የገባውን ጥራዝ ታነባለች፤ የንብ እርባታም ቢሆን፣ የውርስ ሕግም ቢሆን። ሲደርቅ ታቆማለች። ስለዚህ እናቴ የብዙ ነገር ግማሽ ታውቅ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የአባቴ እህት ለሽፋን የሚሆን ቁርጥራጭ ጨርቅ ልታመጣልን በመጣች ቁጥር ትስቅባታለች።

«ጥራዝ ነጠቅ ሲሉ ስድብ ይመስለኝ ነበር» ትላለች አክስቴ። «ለካ ሙያ ነው! የወንድሜ ሚስት እኮ ናት ያመጣችው።»

እናቴም ትስቅ ነበር። ይህ መጽሐፍ እስኪመጣ ድረስ።

ልቦለድ ነበር፤ ሃያ ጥራዝ። ትንሽ ልጅ ስለሚሞትበት ቤተሰብ ነው። እናቴ እንደ ሌላው ጊዜ ከመሐል ከመሐል አላነበበችውም። ከአንድ ጀመረች፤ ከአንድ ወደ ሁለት ሄደች፤ በቀን አንድ ጥራዝ። በሁለት ቀን የሚያልቀው ሥራ ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ።

«ይሄ ነገር ዛሬም አላለቀም?» ይላል አባቴ።

«እጥፉ ተበልቷል። ቀስ ብሎ ነው የሚጠገነው።»

አባቴ አንዱን ጥራዝ አንስቶ እጥፉን በብርሃን አየው። እጥፉ ደኅና ነበር። መልሶ አስቀመጠው።

የመጽሐፉ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነበር። የፊት ጥርሷ ወልቋል። የተበጠሰ የልብስ ቁልፍ ባገኘች ቁጥር በጉንጯ ትደብቃለች። የግድግዳ ሰዓት ትፈራለች። ይህን ሁሉ የማውቀው እናቴ ለአክስቴ ስትነግራት ሰምቼ ነው፤ ስለ ጎረቤት ልጅ የምታወራ ያህል፣ አንዳንዴ እየሳቀች። እኔ ሰዓት አልፈራም ነበር። ጥርሶቼ ሁሉ በቅለዋል። ቁልፍ ግን ከአክስቴ ቆርቆሮ ሰርቄ በጉንጬ ይዤ እናቴ ፊት ቆምሁ።

«ትፊው፤ ትታነቂያለሽ» አለች። ቀና እንኳን አላለችም።

ያን ዕለት አክስቴ ስትወጣ እናቴ በሩ ላይ ያዘቻት። እኔ የመጽሐፍ መጭመቂያው ማሽን ጀርባ ነበርሁ።

«አሁን ብትኖር እኮ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር» አለች እናቴ። «በቁመት ታልፈኝ ነበር። ታልፈኝ አልነበር?»

«ተይ እቴ። ተይ።» አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያለችውን እያት። ይቺን፣ ቁልፍ ስትልስ የምትውለዋን።»

«አያታለሁ።»

«ሰዓት እንደሚያይ ሰው ነው የምታያት። ገልመጥ፣ ከዚያ ወደ ሥራ።»

እናቴ በሩን ከፈተችላት።

እኔ ግን ሥራ አገኘሁ። ሲወጡ ጠብቄ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ጥራዝ ገለጥሁና የታተመበትን ዓመት ፈለግሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ልጅቷ ስድስት፤ ስድስትና አሥራ አንድ አሥራ ሰባት። እናቴ በአንድ ዓመት ተሳስታለች። ሒሳብ አታውቅም ብዬ ደመደምሁ፤ ትንሽም ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው በዚያ ቤት ውስጥ ያን ሒሳብ የተሳሳትሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ጥራዝ ልጅቷ ትኩሳት ያዛት። ያን ቀን ነው እናቴን መስኮቱ ሥር ያገኘኋት። ዳቦው ካልረዳኝ በኋላ ማድረግ ያለብኝን አወቅሁ።

በማግሥቱ ሙጫ የሚሞቅበትን ቆርቆሮ በጨርቅ ይዤ ግንባሬን አስደገፍሁት። አቃጠለኝ፤ ታገሥሁ። ከዚያ ዓይኔን ግማሽ ከድኜ ወደ እናቴ ሄድሁ።

«እማ፣ አሞኛል።»

እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። የፊቷ ቀለም ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውኃ እንደሚጎድል። መርፌው ከእጇ ወደቀ። እግሮቼ መሬት ሊነኩ ምንም ያልቀራቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አንሥታ ዝናቡ ውስጥ ሮጠች። አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም።

ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። ሐኪሙ የትኩሳት መለኪያውን ከብብቴ አውጥቶ አየና ሣቀ። «እናቴ፣ ልጅዎት ከእኔም ከእርስዎም በላይ ጤነኛ ናት።»

«ድገምላት።»

ደገመ።

«አሁንም ድገም።»

ሦስት ጊዜ ተለካሁ። የእናቴ ልብ ጀርባዬን ይመታው ነበር፤ እንደ ባለቤት ተደግፌው ተቀመጥሁ። ከልጅነቴ የተደሰትሁበትን ቀን ምረጪ ብባል እስከ ዛሬም የምመርጠው እሱን ነው፤ ይህን ስናገር አላፍርም ማለቴ ግን አይደለም።

ደጅ ስንወጣ ግንባሬን በብርሃን አየችው። የቆርቆሮው ከንፈር ክብ ምልክት ትቶብኛል፤ በጠርዙም ሙጫ ደርቋል። በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። ከዚያ አወረደችኝና ቀድማኝ ሄደች፤ አንድ እግሯ ባዶ። አልመታችኝም። አልተናገረችኝም። እኔም የገባኝ መሰለኝ፤ የዚያች ትኩሳት እውነተኛ ነው፣ የእኔ ውሸት ነው፤ የምትወደድበት ምክንያት ይኸው ነው።

በነጋታው ጠዋት እናትና አባቴ ከግድግዳው ባሻገር ሲነጋገሩ ነቃሁ።

«ይሄ መጽሐፍ ከዚህ ቤት ይውጣልኝ» አለ አባቴ። «የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ዓርብ ሲመጣ ተሰፍቶ ይጠብቀው። ልጅቱን አታያትም? አንቺን ልታስቅ ነው፣ ልታስለቅስ ነው፣ ምን ልታደርግ እንደሆነ አላውቅም።»

«ዛሬ አሥራ አራተኛው ነው። እሱን ሳላነብ አልሰጥም።»

«ምን ልታገኚበት?»

«እንዴት እንደሆነች ልይ። አንተ አይተሃል። እኔ አላየሁም።»

የአባቴ ጫማ ወለሉ ላይ ተሰማ። ከዚያ የውጪው በር ተከፈተ፤ ተዘጋ።

አባቴ መጽሐፉን ቀድሟት ጨርሶት ነበር ብዬ ተረዳሁ። እሱም! ከእኔ በቀር ሁሉም ከዚያች ልጅ ጋር ተገናኝቷል።

እናቴ ጸጉሯን ታጠበች። ለዘመድ ቤት የምትለብሰውን ግራጫ ቀሚስ አወጣች። የሥራ ቀን ነበር። ጠረጴዛውን ጠርጋ፣ አሥራ አራተኛውን ጥራዝ ብቻውን መሐል ላይ አድርጋ፣ ነፋስ እንዳይወስደው የወረቀት መጫኛ ድንጋዩን ጫነችበት።

«ከትምህርት ቤት ስትወጪ ወደ አክስትሽ ሂጂ» አለችኝ። «መጥቼ እስክወስድሽ እዚያ ቆዪ።»

«ለምን?»

«ዛሬ ብቻዬን ልሁን፣ የኔ ልጅ።»

ቀጠሮ ነበራቸው። ልታገኛት ነው፤ ተጣጥባ፣ ለብሳ፣ እኔን አስወጥታ። ደብተሬን ልትሰጠኝ ወደ ጓዳ ስትገባ ድንጋዩን አነሣሁ፤ ጥራዙን ወስጄ በምትኩ ከክምሩ አንድ ሌላ ጥራዝ አስቀመጥሁ፤ ድንጋዩን መለስሁ። ደብተሬን ተቀብዬ በመሐሉ ከተትሁትና ወጣሁ።

አክስቴ ቤት የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ አነበብሁት። ሁለት ጊዜ። አላለቀስሁም። አሥራ ስድስት ገጽ ሙሉ በዚያ ቤት ያለ ነገር ሁሉ የእሷ ነበር፤ መብራቱም፣ ውኃውም፣ የሰው ሁሉ ዓይንም። እንዲህ የሚወደድ ሰው መሞቱ ምን ይጎዳዋል ብዬ አሰብሁ።

እናቴ የመጣችው ሳይመሽ ነው። የአክስቴን ሰላምታ አልመለሰችም። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየችኝ።

«አሥራ አራት የለም» አለች።

ወደ ጠረጴዛው እግር ሸሸሁ።

«አንቺ ጋ ነው?»

ደብተሬን አቀፍሁት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን በግራጫ ቀሚሷ ክርና ብጥስጣሽ የሞላው ወለል ላይ ተቀመጠች፤ ጠረጴዛው ሥር፣ ከእኔ ፊት ለፊት፣ ጉልበቷን ሰብስባ።

«አነበብሽው?»

«አዎ።»

«በይ ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ስትሞት» አለች። «ስትሞት እናቷ አጠገቧ ነበረች?»

ከጎናችን የአክስቴ የስፌት መኪና ቆመ።

«አልነበረችም» አልሁ። «አባቷ ነው የነበረው። እናቷ የለችም።»

«የት ሄዳ?»

«እንጃ። ወጥታ።»

«ከዚያስ? ስትመለስ?»

እስከዚህ አላሰብሁበትም ነበር። «ተመለሰች።»

«ተቆጧት?»

«ማን?»

«ሰው። አባትየው። ማንም ይሁን።»

ፊቷን አየሁ። በሕይወቷ አንድም ቀን እንደዚያ አተኩራ አይታኝ አታውቅም። የምትጠብቀው ከአፌ የሚወጣውን ብቻ ነበር። ጨዋታው እንዳያልቅብኝ ፈለግሁ፤ ግን ሌላ የምጨምረው አጣሁ።

«ማንም አልተቆጣትም» አልሁ።

«ማንም አልተቆጣትም» አለች እሷም። ቆጥራ ቆጥራ ቁጥሩ ሲገጥምላት እንደምታደርገው ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አለቀሰች፤ በዚህ ጊዜ በድምፅ። ስባ አቀፈችኝ፤ ጣቷ ላይ የቀረው ሙጫ ጸጉሬ ላይ ተጣበቀ። የአክስቴ መኪና እንደገና ተነሣ። ቀና ብዬ አየሁት፤ መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።

አሸነፍሁ ብዬ አሰብሁ። ልጅቷ ሞታለች፤ የሞቷን ዜና የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ ጭኑም የእኔ ሆኗል። ድል ያደረገ ሰው ቸር ይሆናልና ጥራዙን ከደብተሬ አውጥቼ ዘረጋሁላት።

«እማ፣ እንቺ።»

እጄን ያዘችና ወደ ደብተሩ መለሰችው። «አታሳዪኝ» አለች። «ይበቃኛል።»

በማግሥቱ አሥራ ሦስተኛውን ከአሥራ አምስተኛው ጋር ሰፋቻቸው። ሳትሰፋ ቆጠረች፤ ሰፍታ ቆጠረች። አባቴ ተቀብሎ አውራ ጣቱን በጀርባው ላይ አንሸራተተ፤ አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። እናቴን አየ። እሷም አየችው። ብሩሹን ነከረና ሙጫውን ቀባ።

ዓርብ «እሽሽ» መጣ። የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ነው፤ ሌላ ሲናገር የሰማው ልጅ ስለሌለ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ። መጽሐፉን አገላብጦ «ይሄስ ቆየ» አለ።

«እጥፉ ተበልቶ ነበር» አለ አባቴ።

በዚያ ሳምንት እናቴ ሙጫ የደረቀበትን ጸጉሬን በመቀስ ቆርጣ አስተካከለችልኝ። ከዚያ በኋላ ያን መጽሐፍ በቤታችን ያነሣ ሰው የለም።

እናቴ በሞተች በሦስተኛው ወር፣ እኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ሳለሁ፣ አክስቴ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ፤ ታላቅ እህቴ። እኔ ከመወለዴ ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ጤና ጣቢያ፣ በትኩሳት፣ በስድስት ዓመቷ ሞተች። ዝናብ ነበር። ልብሷ ርሶ ስለነበር አባቴ «ሂጂ ደረቅ ልብስ አምጪላት፤ እኔ አለሁ» አላት። እናቴ ሄደች። ግማሽ ሰዓት አልሞላም አለች አክስቴ፤ ልብሱን በደረቷ ይዛ በበሩ ስትገባ አለቀ።

«ማን ተቆጣት?» አልኋት።

«ማን ይቆጣታል፣ ልጄ? ማንም አልተቆጣትም።»

«ነግራችኋት ነበር?»

አክስቴ ፎቶውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «ይነገራል እንዴ እሱ?» አለች።

አሥር ዓመት ሙሉ ያልነገሯትን ነው እኔ ጠረጴዛ ሥር የነገርኋት፤ ያውም ከክፋት። በወረቀት ላይ እንኳን ከዚያች ልጅ አልጋ አጠገብ እንድትገኝላት አልፈለግሁም። አንድ አልጋ፣ አንድ ሞት፣ ሁለቱንም ለአባቴ ሰጠሁት፤ እናቴን አስወጣኋት። ላጎድልባት ያልሁት ነገር ብዙ ዓመት ስትፈልጋት የኖረችውን ሴት ሰጣት፤ እንደ እሷ ደጅ የወጣች፣ እንደ እሷ የዘገየች፣ ማንም ያልተቆጣት። ይህን አውቄ መጽናናት ነበረብኝ። ሰዎች ይህን ስነግራቸው ይጽናናሉ።

ቅናቴ ግን ባለቤት ቀየረ እንጂ አልሞተም። ከወረቀቷ ልጅ ተነሥቶ ፎቶው ላይ ሄዶ አረፈ። እናቴ የእኔን ቁመት ከራሷ ጋር ለክታ አታውቅም፤ ምን ያደርግላታል፣ እዚያው ነበርሁ። «አሁን ብትኖር» የሚለውን ቃል በዚያ ድምፅ ስለ እኔ ልትል የምትችልበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም በሙጫ ቆርቆሮ ሞክሬዋለሁ።

አሁን በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። የጎደለ ገጽ መፈለግ ሥራዬ ነው። ጥራዙ የጠረጴዛዬ ሁለተኛ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እጥፉ ደኅና ነው፤ በግርጌው አሥራ አራት የሚል ቁጥር አለ። እናትየዋ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ አሥራ ስድስተኛው ከአልጋው አጠገብ አልተነሣችም።